ዘምዘም እርፍ የጨበጠችበት ክረምት

ባለፈው ሐምሌ ከወልድያ ወደ መርሳ ስወርድ፣ ሲሪንቃ ላይ ዝናቡ አባራና ረዳቱ የሚኒባሱን መስኮት ከፈተው። አዲስ የተገለበጠ አፈር ሸተተኝ፤ እርጥብ፣ ትንሽ በረት በረት የሚል። አጠገቤ ያሉት ሰዎች ስለ ሐራ ገበያ ያወራሉ። እኔን ያ ሽታ የሚያስታውሰኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታላቅ እህቴን ዘምዘምን። ዛሬ የራሴ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ፣ ልጆች ወልጃለሁ። እሷን ባሰብኩ ቁጥር ግን ያ የድሮው ስሜት ይመለሳል። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ያደግነው ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ በላይ ነው። ማሳችን ትንሽ ነበረች፤ ከታች ማሽላ፣ ከላይ ጤፍ ይዘራባታል። አባባ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል የጎጆውን ክዳን ሲጠግኑ ወደቁና ጭናቸው ተሰበረ። ወጌሻው በሸምበቆ አስሮ፣ ክረምቱ ሳይወጣ እንዳይነሱ አስጠነቀቃቸው። ወዲያው ጎረቤታችን አያ ይማም መጣና መሬቱን ለእኩል ልረስ አለ። ምርቱን ለሁለት ከተካፈልን በጋውን እንደማንዘልቀው ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም አባባ ምን ያድርጉ፣ እሺ ሊሉ ነበር።

ዘምዘም የውሃ ጣሳ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እኔ አርሳለሁ» አለች።

እማ ደረቷን መታች። «ያ አላህ! ሴት ልጅ እርፍ ጨብጣ? ማን ሊያገባሽ ነው?»

አባባ ዘምዘምን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ከዚያ አያ ይማምን፣ «አላህ ይስጥህ፣ እስቲ ትሞክረው» አሉት።

በማግስቱ፣ የወጌሻውን ምክር አልሰማም ስላሉ፣ አባባን በአህያ ጭነን ከማሳው ዳር ሾላ ዛፍ ሥር አስቀመጥናቸው። ዘምዘም የአባባን ኮንጎ ጫማ አድርጋ በሬዎቹን፣ ወይኖንና ቦራን፣ ጠመደች። የመጀመሪያዋ ትልም እንደ እባብ ተጣመመች። አያ ይማም ከድንበሩ ማዶ ቆሞ ሲስቅ አባባ ጮሁ፦ «አትየው! ጫን፣ እርፉን ጫን በለው አንተ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘምዘምን እንደ ወንድ ያናግሯት ጀመር። ምሳ ይዤ ስሄድ፣ የማሽላ ቂጣውን ቆርሰው በእርጎ እያጠቀሱ፣ «ና ብላ፣ የኔ ጀግና» ይሏታል። ሁለቱ ስለ በሬዎቹ ጠባይ እያወሩ ይስቃሉ። አባባ ቤት ውስጥ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ለእኔ የሚደርሰኝ፣ «አስቀምጪውና ሂጂ፣ እናትሽን እርጂ» የሚለው ነው። ቢጫውን ጀሪካን አንጠልጥዬ እያለቀስኩ እመለሳለሁ።

ማታ ማታ አባባ የዘምዘምን መዳፍ ደህናው ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ውሃ የቋጠረውን ቦታ ቅቤ ይቀቡላታል። አንድ ቀን እኔም እጄን ወፍጮው ድንጋይ ላይ እስኪላጥ ድረስ ፈተግኩት። ማታ አጠገባቸው ሄጄ ዘረጋሁላቸው።

«ምነው፣ ወደቅሽ እንዴ?» አሉና ወደ እማ ዞሩ። «ለብ ባለ ውሃ እጠቢላት።»

ቅቤው ለእኔ አልመጣም።

አንድ ጁምዓ ከዘምዘም ጋር ወንዝ ልብስ እያጠብን፣ ድንገት ሻሿን ፈታችው። ጸጉሯ ተያይዞ እንደ ሱፍ ሆኗል።

«እማ ካኮረፈችኝ ወዲህ የነካልኝ የለም» አለች። «አንቺን በር ላይ አስቀምጣ ስትሠራሽ፣ በሬዎቹን ውሃ የማጠጣ መስዬ ቆሜ አያለሁ። እንዴት እንደምቀናብሽ ብታውቂ!»

ልብሱን መጭመቅ ቀጠልኩ። የምታሾፍብኝ ነበር የመሰለኝ።

ማሽላው አማረ። እህሉም ለበጋው በቃን። ዘምዘምን ለልጃቸው ሊጠይቁ ከሐራ ሽማግሌ ልከው የነበሩት ሰዎች ግን በዚያው ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ሁሉም ያውቃል፤ አንድም ቀን በቤታችን አልተነሳም። በልግ ሲገባ አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ማሳው ድረስ በእግራቸው መጡ። ዘምዘም ጠምዳ ትጠብቃቸዋለች፤ እኔም ዳር ተቀምጫለሁ። ከዘራውን አቀበሏትና እርፉን ከእጇ ወሰዱ።

«በይ ልጄ፣ በቃሽ» አሉ። «ግቢና እናትሽን እርጂ።»

«በይ» ሲሏት ፊቷን አየሁት። ጅራፉን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ መጥታም አጠገቤ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ክረምቱን ሙሉ የተመኘሁት ይህንን ነበር። ደስታው ግን አልመጣም። ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶ፣ ሁለታችንም ከበሬዎቹ ኋላ የሚያነክሱትን አባታችንን ስናይ ዋልን።

ብዙ ሳትቆይ ጅዳ ሄደች። ዛሬም እዚያው ናት፤ ለዒድ ትደውላለች።

ያን ቀን ከሚኒባሱ ወርጄ ቤት ስደርስ አባባን መደቡ ላይ ተኮራምተው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ሳምኩ። የልጆቼን ደኅንነት እንኳ ሳይጠይቁኝ፣ «ዝናቡ ከብዷል፤ የዘምዘም ካብ እንዳይናድ፣ እስቲ እዪልኝ» አሉኝ። ጎርፍ የማሳውን ጥግ መብላት ሲጀምር፣ ጅዳ ልትሄድ ሰሞን፣ ማንም ሳያዛት ከወንዝ ድንጋይ በጀርባዋ እያመላለሰች የካበችው ነው።

በከተማ ጫማዬ ጭቃውን እየረገጥኩ፣ እየተበሳጨሁም ወረድኩ። ካቡ ቆሟል። ሣር በቅሎበታል፤ ከላዩ ያለው አፈር ሞልቶ ማሽላው ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። አንዲት ድንጋይ ብቻ ተንሸራታ ወድቃለች። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ አነሳኋት፤ ከባድ ነበረች። እስክትገጥም እያዟዟርኩ ቦታዋ ላይ መለስኳት።