መምህርት ማዘንጊያና የጀብራው ጡብ

መምህርት ማዘንጊያ ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ በፊት የኮምቦልቻ መምህርነቷን ማስረጃ ከሻንጣዋ ሥር ቀብራ፣ ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ሁለት ዓመት ወለል ወልውላለች። «እሺ» የምትለዋ ቃል ከአፏ የማትወጣው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። በሁለቱ ዓመት ውስጥ ብላ ብላ ጨርሳታለች።

ባልደረቦቿ የሚያማርሩባት በዕለት ትምህርት ዕቅዷ ነው። ዕቅዱ ባለ ሠንጠረዥ ወረቀት ነው፤ ዓላማ፣ የመምህር ተግባር፣ የተማሪ ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ግምገማ የሚል። ሌላው መምህር የአምናውን አውጥቶ፣ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ይገለብጣል፤ ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረየስም ሳያነቡ ማኅተም ያሳርፉበታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ማዘንጊያ ግን ለየክፍለ ጊዜው አዲስ ትጽፋለች። መርሐ ትምህርቱ ካዘዘው ዓላማ አንዱን አትዘልም፤ እንዴት እንደምትደርስበት ግን ማንም እንዲነግራት አትፈልግም። ፐርሰንትን በስልክ ባትሪ አስተምራለች። እሷ ዘንድ ልጅ አዛጋ ማለት ዕቅዱ ተበላሽቷል ማለት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ካርቱም ተዘጋች። በጦሩ ዋና መምሪያ ደጃፍ ለተቃውሞ ለሳምንታት የተቀመጠው ሕዝብ በጥይት ተበተነ፤ የየሰፈሩ ወጣትም የእግረኛ መንገዱን ጡብ እየነቀለ መንገዱን ሁሉ አጠረ። ክምሩን ቲሪስ ይሉታል። ኢንተርኔት ጠፋ፣ ትምህርት ቤቱም ዘጋ። ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ የቀረው አንድ ምዕራፍ ነበር፤ የፕሪዝም ይዘት። በትምህርት ቤቱ ደንብ ደግሞ ማኅተም ባረፈበት ዕቅድ ፖርሽኑን ያልጨረሰ ተማሪ ለፈተና አይመዘገብም።

ስድስቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቿ እንደ እሷው ጀብራ ሰፈር ነበር የሚኖሩት። አንዷ ካርቱም ተወልዳ ያደገችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ሀኒፋ ናት። እናቷ ሉጥፊያ ከወሎ መጥታ ዐማራት ሰው ቤት ትሠራለች።

«ኡስታዛ፣ ወላሂ አልዋሽሽም» አለቻት ሉጥፊያ። «የዘንድሮው ፈተና ካመለጣት ሌላ ዓመት አልጠብቅም። መዳሟ ‹ልጅሽን አምጫት› ብላኛለች። ከኔ ጋር ትሠራለች፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

ማዘንጊያ ያንን ወለል ታውቀዋለች።

«ሀኒፋ ወለል አትወለውልም» አለች። «ነገ ጠዋት ልጆቹን ግቢሽ ሰብስቢልኝ።»

ማግስቱ ሰኔ ሁለት ነበር፤ አገሩ ሁሉ ለተቃውሞ ሥራ ያቆመበት ቀን። መጽሐፉ «ከቤተ ሙከራ የእንጨት ፕሪዝም አምጡ» ይላል። ቤተ ሙከራ የት አለና! ማዘንጊያ ከሉጥፊያ በር ወጥታ የመንገዱን ጫፍ አየች። ቲሪሱ ከሥሩ ሰፊ፣ ከላዩ ጠባብ፣ ዳር እስከ ዳር የተጋደመ ፕሪዝም ነው። እዚያው ቁጭ ብላ ዕቅዷ ላይ «መርጃ መሣሪያ፦ የሰፈሩ ቲሪስ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር» ብላ ጻፈች። የግምገማውን ዓምድ ባዶውን ተወችው፤ ያላየችውን አትጽፍም።

ቲሪሱን የሚጠብቀው ወጣት ስቆ፣ «ያላ፣ ለኩ! ያፈረሳችሁትን ግን መልሳችሁ ደርድሩ» አላቸው። ለኩ፤ አሰሉ፤ እየተጨቃጨቁ ደግመው አሰሉ። ያን ጠዋት ያዛጋ የለም። ሀኒፋ የወደቀውን ጡብ እየተሸከመች ስትደረድር መዳፏ ተላጠ።

ከሳምንት በኋላ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አቶ ገብረየስ ዕቅዱን ሲያነቡ ላብ አጠመቃቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው እንጂ።

«ማዘንጊያ፣ እኛ እንግዶች ነን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው። የአምናውን ገልብጪና የትምህርት ቤቱን ግቢ ለኩ በዪ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አትምልሻለሁ።»

«ልጆቹ ትምህርቱን አልሰረቁትም፣ ጋሽ ገብረየስ። ለምን እንደ ሌባ ይደብቁታል?»

«ተቆጣጣሪው ካልተቀበለውስ?»

ማዘንጊያ የአምናውን ብትገለብጥ ሀኒፋ ያለ ጭንቀት ትመዘገባለች፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ለልጅቷ ፈርታ ነበር። ቢሆንም አልገለበጠችም።

ተቆጣጣሪው አቶ ንጋቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት።

«ይኼ ዕቅድ ነው ወይስ አመፅ?»

«መርሐ ትምህርቱን ያውጡት» አለች። «‹ተማሪው በአካባቢው የሚገኝን ፕሪዝም ለክቶ ይዘቱን ያሰላል› ይላል። በአካባቢያችን የሚገኘው እሱ ነው። ሌላ ካለዎት ይላኩልን።»

አቶ ገብረየስ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አቶ ንጋቱ ሀኒፋን አስጠሩ።

«ስድስት ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ከፍታ» አለች ልጅቷ። «ታቹ አንድ ሜትር፣ ላዩ ስልሳ ሳንቲ። አራት ነጥብ ስምንት ሜትር ኩብ። ለአንድ ጡብ ይዘት ሲካፈል አራት ሺህ።»

«ስለዚህ ክምሩ አራት ሺህ ጡብ አለው?»

«ላ። የለውም።»

አቶ ንጋቱ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«ወረቀት ላይ አራት ሺህ ነው» አለች ሀኒፋ። «ቲሪሱ ግን አይሞላም። ጡብና ጡብ መሀል ሀዋ... አየር አለ። እኔ ራሴ ደርድሬዋለሁ።» የተላጠ መዳፏን ዘረጋች።

አቶ ንጋቱ መዳፉን አዩ፤ ወረቀቱን አዩ። ብዕር አውጥተው ባዶው ዓምድ ላይ «ዓላማው ተሳክቷል» ብለው ጻፉና ወረቀቱን ወደ ርዕሰ መምህሩ ገፉት።

«ቢያንስ ቲሪስ የምትለዋን ቃል ልሰርዛት?» አሉ አቶ ገብረየስ።

ማዘንጊያ ቀይ እስክሪብቶዋን አቀበለቻቸው። «ይሰርዟት። ከጎኗ ግን ስምዎን ይጻፉባት።»

አቶ ገብረየስ እስክሪብቶውን አስቀመጡትና ዕቅዱ ላይ ማኅተሙን አሳረፉ። የተጻፈበት ቀንም ሰኔ ሁለት እንደሆነ ቀረ።

በማግስቱ ሉጥፊያ ከሥራ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ማዘንጊያ በር መጣች። 

«መዳሟ ‹ልጅሽ መቼ ነው የምትመጣው?› አለችኝ። አትመጣም፣ ፈተና አለባት አልኳት። ጆሮዋን ስላላመነች ደግማ ጠየቀችኝ።»

«አንቺስ?»

«ወለሉን እየወለወልኩ ነበር። ቀና አልኩና ‹ላ› አልኳት። እዚህ አገር ሰው ቤት ስሠራ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው፣ ኡስታዛ።»