ዱርና ዶር

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነግረኝ የሚጠላኝ ሰው ነበር። አያ ሙሄ ይባላል፤ ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ እናቴ በሠራተኝነት የምትኖርበት ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ በር ጠባቂ ነበር። እንደ እናቴ የወሎ ሰው ነው፤ የአገር ልጅነቱን ግን ፊቱ ላይ አይቼው አላውቅም። የቤቱ እመቤት ማዳም እኔን ፎቅ ላይ ማየት ስለማትፈልግ እማ ሥራዋን እስክትጨርስ እሱ ክፍል መቀመጥ ተፈርዶብን ነበር፤ በእኔም በእሱም። «ላይ ከታየሽ አለቀልን፤ ኢቃማ የለኝም» ትለኝ ነበር እማ በየጠዋቱ። የመኖሪያ ወረቀት የሌላት ሠራተኛ ከተባረረች ቀጥሎ የሚጠብቃት ፖሊስ እንደሆነ በሰባት ዓመቴም አውቅ ነበር።

አያ ሙሄ ተረት የሚነግረኝ አስፈርቶ ዝም ሊያሰኘኝ ነው። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር አመሻሽ ላይ ፋኖሱን ይለኩስና፣ ሻይ አፈላበትም አላፈላበትም እሳት የማያጠፋበትን የከሰል ምድጃ እየቆሰቆሰ፣ በዚያ የካርቱም ሙቀት ላብ በግንባሩ እየወረደ፣ «አርፈሽ ተቀመጪ» ብሎ ይጀምራል። በዚያ ሙቀት እሳት ለምን እንደሚያስፈልገው አንድ ቀን ብጠይቀው በመቆስቆሻው በሩን አሳየኝ።

ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። በድርቁ ዘመን ከወሎ ራቁት ተራራ የተነሡ ሰዎች በመኪና ተጭነው ለሰፈራ ኢሉባቦር ይወሰዳሉ። «ዝናብ አጥተው ወጡ፤ ዝናብ ሊገድላቸው ተቀበላቸው» ይላል። «ዱር ገቡ። ዱሩ ሦስት ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ። የላዩ የጉሬዛ ነው፤ ፀሐይዋን እዚያው ያስቀሯታል። የመካከሉ የነብር ነው፤ ተጋድሞ ቁልቁል ያይሻል። የታቹ የጉንዳን ነው። ጉንዳን ሲመጣ ድምፅ የለውም፤ ቅጠሉ ብቻ ይንሿሿል። መድኃኒቱ አመድ ነው። ዙሪያሽን ከነሰነስሽው አይሻገርም።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ ይላል። አንዲት እናት ሕፃኗንና እሳቱን ለወንድ ልጇ አደራ ብላ እንጨት ልትለቅም ትወጣለች። ጉንዳኑ ጎጆውን ይወርራል። ወንድምየው ይሮጣል። ተረቱ እዚህ ላይ ይቆማል። «ሕፃኗስ?» ስለው ፍሙን ይወጋና «ምን አገባሽ» ይለኛል።

እኔ ካርቱም ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ያኔ አረብኛዬ ከአማርኛዬ ይቀድም ነበር። በካርቱም አረብኛ እያንዳንዱ ፎቅ «ዶር» ይባላል። አያ ሙሄ ዱር ሲል እኔ የሰማሁት ዶር ነው። ሦስት ዶር፣ አንዱ ባንዱ ላይ፤ የማዳም ቤት ነዋ። እንዳልረግጠው የተከለከልኩትም ለዚህ መሆን አለበት። ጉሬዛን የማዳም ዘመድ አድርጌው ነበር። እማ ማታ ማታ ስትወርድ እጆቿ ቀልተውና ተልጠው ሳይ «ምን ነካሽ?» እላታለሁ። በረኪና መሆኑን ለልጅ ማስረዳት ታክቷት ይሁን አላውቅም፣ «ምንም አይደል፤ በላኝ» ትለኛለች። ምን እንደበላት እኔ አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማ ምሳዬን ይዛ የምትወርድበት ሰዓት አለፈ። የአስር አዛን ተሰማ፤ አልመጣችም። ከላይ የማዳም ጩኸት መጣ፤ የሚወድቅ ነገር ድምፅ ተከተለው፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታው ነው ያስፈራኝ። አያ ሙሄ ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል። የምድጃውን አመድ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ዛቅሁና፣ ጣቶቼ እየተለበለቡ፣ በባዶ እግሬ ደረጃውን ወጣሁ። በየደረጃው እነሰንሳለሁ። በሁለተኛው ዶር ነጭ ምንጣፍ ላይ እማ ተንበርክካ የተደፋ ነገር ትፈትጋለች። በሕይወት አለች። ሳትነቃብኝ ዙሪያዋን በአመድ ከበብኳት።

ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያየሁትን እስከዛሬ አልረሳውም። ያየችው እኔን ሳይሆን ምንጣፉን ነበር።

«መኑ ሰዋ ደ?» አለች ማዳም ከበሩ ላይ፤ ይህን ያደረገው ማን ነው? የትናንሽ እግሮቼ ዱካ ከደረጃው ጀምሮ አመዱ ላይ ታትሟል። ያኔ አያ ሙሄ ዳቦውን በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደያዘ ከማዳም ኋላ ደረሰ። አመዱን አየ። ክቡን አየ፤ መሀሉ ላይ እማን። ፊቱ ከሰል መሰለ።

«አና» አለ። እኔ ነኝ። «ጉንዳን አይቼ ልጅቷን እኔ ነኝ የላክኋት።»

ማዳም ባሏ እስኪመጣ እንኳ ሳትጠብቅ አባረረችው። ጀንበር ሳትጠልቅ አያ ሙሄ ጨርቁን ቋጥሮ በሩ ላይ ቆመ። እማ ምንጣፍ ስታጥብ ሁለት ቀን ፈጀባት፤ ሥራዋ ግን ተረፈ። አያ ሙሄ ከመሄዱ በፊት እጁን ልስመው ስጠጋ መነጨቀኝ።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለኝ። «ለመሆኑ ምን አስበሽ ነው?»

«ዶር ውስጥ ጉንዳን አለ ብለሃል።»

ያኔ ገባው። «ዱር ነው ያልኩሽ፣ ደንቆሮ። ዱር ማለት ጫካ ነው፤ ዛፍ ነው።» ምድጃውን ገልብጦ ፍሙን መሬት ላይ ደፋው፤ በጫማው ረገጠው። «ያን ጊዜ ጎጆው ውስጥ አመዱ እግሬ ሥር ነበር። እኔ ሮጬ ወጣሁ። አንቺ ይዘሽ ገባሽ።» አስተያየቱ የሚያመሰግን ሰው አስተያየት አልነበረም። ከዚያ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አይቼውም ሰምቼውም አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ የሱዳኑ ጦርነት ከካርቱም ሲያስወጣን እማና እኔ የገባነው ኢሉባቦር ነው፤ በሰፈራው ዘመን ሄዳ እዚያው የቀረች እህት አለቻት። ከመኪና ወርደን በጫካው ውስጥ በእግር ስንሄድ ቀትር ላይ መሽቶ ነበር። ይንጠባጠባል፤ ይሸታል፤ ከላይ የማላየው ነገር ቅርንጫፍ እየሰበረ ይዘላል። ሦስት ዶር፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ቅጠሉ ሲንሿሿ ሰማሁና ቁልቁል ሳይ መንገዱ ጠቁሯል፤ ጉንዳኑ ጉልበቴ ላይ ደርሷል።

ሮጥኩ። ጉልበቷ የማይታጠፍ እናት ከኋላዬ እንዳለች ያስታወስኩት ፀሐይ ያለበት ሜዳ ከወጣሁ በኋላ ነው። ልመለስ ስል እሷው ቀሚሷን እያራገፈች፣ እያነከሰች ብቅ አለች። እጆቿ ቀልተዋል። አጠገቤ ስትደርስ ቆም ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አመድሽን የት ጣልሽው?» አለችኝ።

እሷ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያ ሰው በዚያ ሁሉ ሙቀት እሳት የማያጠፋበት ምክንያት የገባኝ ያኔ ነው።