አንካሳ የተባለው የደርቫል ልጅ

«አንካሳ የምትለው የኔን ልጅ ነው? አንተ ቅንድብህን ወናፍ የበላው!» ደርቫል ስትጮህ ኮረብታው ሥር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዞረ።

ብረት ቀጥቃጩ ሎርካን ግን አልደነገጠም። «እኔ ምን አልኩ እትዬ? እግሩ ነው የሚናገረው» አለና ልጁን እየመሰለ እያነከሰ ዞር ዞር አለላቸው። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ንጉሡ ሞቷል። ከሻነን ወንዝ ማዶ ባለችው በዚህች ትንሽ የአየርላንድ መንግሥት ዙፋን ለበኩር ልጅ ተብሎ አይቀመጥም፤ የሟቹ ዘመዶች ተሰብስበው ከመሃላቸው ይመርጣሉ። አካሉ ላይ እንከን ያለበት ግን አይነግሥም፣ አለቀ፤ ለዚህም እጩው ሽማግሌዎች እያዩት ኮረብታውን ወጥቶ አናቱ ካለው የንግሥ ድንጋይ ላይ ይቆማል። ዛሬ የቀረቡት ሁለት ናቸው፦ የሟቹ ወንድም ፊንጊንና የሟቹ ልጅ ታይግ።

ታይግን ያሳደገችው ደርቫል ናት። እዚያ የንጉሥ ልጅ እናቱ ጉያ አያድግም፣ ለሰው ይሰጣል። እሷ ባሏ የሞተባት ላም አላቢ ናት፤ ግብር ሰብሳቢ ጥጃዋን ሊነዳ ሲመጣ የወተት ባልዲ ጭንቅላቱ ላይ የደፋች ሴት። ታይግን በአጃ ገንፎና በቅቤ አሳደገችው። አንድ ቀን የገዛ ላሟ ረግጣ እግሩን ሰበረችው፤ ራሷ በእንጨት አሰረችለት። ዛሬ በዚያ እግር ከወደቀ፣ የጣለችው ደርቫል ራሷ ናት።

«ጫማውን አውልቆ ይውጣ!» አሉ የፊንጊን ሰዎች።

«ያውልቅ!» አለች ደርቫል። «ፊንጊንም ቆቡን ያውልቅ! እንከን ከተፈለገ ከላይ እንጀምር!»

ፊንጊን ቆቡን በሁለት እጁ ያዘ።

ታይግ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «እማዬ፣ እግሬን ዝናቡ ገብቶበት ዛሬ ክፉኛ ይጠዘጥዘኛል።»

«ጥርስህን ነክሰህ ሂድ። ፊትህን ካጨማደድክ እዚሁ በሰው ፊት ነው የምገርፍህ!»

ጫማውን አወለቀና ኮረብታውን ሽቅብ መውጣት ጀመረ።

«ሳያነክስ እላይ ድንጋዩ ላይ ከቆመ» አለ ሎርካን፣ «ትልቁን ብረት ድስቴን ውሰጂ።»

«ካነከሰ ጥቁሯን ላሜን ንዳት! መንዳት ከቻልክ!»

እጅ ተማትተው ተወራረዱ። ታይግ ግማሽ መንገድ ደረሰ፤ ጭቃው ጋ ሲደርስ ሰውነቱ ወደ ግራ ዘመም አለ።

«አየሽ? አነከሰ!»

«ጭቃ ዘለለ እንጂ! ጭቃ አትዘልም አንተ?»

«አነከሰ!»

«ዘለለ!»

ከላይ የቆሙት ሽማግሌዎችም አነከሰ ወይስ ዘለለ በሚል እርስ በርስ ተያዩ። ታይግ ግን ዞር ብሎ ሳያይ ሽቅብ መውጣቱን ቀጠለ።