ሐራ ያለው የበለስ አጥርና የፔሩ ቀይ ኩታ

ፔሩ የሄድኩት አገር ልይ ብዬ አይደለም። የልጅ ልጄ ባሏን ተከትላ እዚያ ትኖር ስለነበር፣ ስትወልድ ላርሳት ነው። ከመርሳ ስነሳ ጎረቤቱ ሁሉ ቅቤና በሶ አሸከመኝ። ሐራ ያለችው ታናሽ እህቴ ግን ባዶ እጇን መጥታ አንድ ነገር ብቻ አዘዘችኝ።

«እትዬ፣ ያ ነጭ ተባይ የመጣው ከዚያ ወገን ነው ይላሉ። መድኃኒቱን ጠይቂልኝ። እስክትመለሺ አላስቆርጥም።»

ተባዩ የበለስ ጠላት ነው። ቅጠሉ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ ይጀምርና ውኃውን መጥጦ ያደርቀዋል። የእህቴን ግቢ የሚያጥረውን በለስ የተከለችው እናታችን ናት። እህል በሚያልቅበት ክረምት እህቴ ልጆቿን በፍሬው አሳድጋለች፤ ዝናብ ሲጠፋ እሾሁን በእሳት ለብልባ ፍየሎቿን አብልታለች። አሁን ጎረቤቶቿ «ወደ እኛ ሳይዛመት ቁረጪና ቅበሪው» ብለው ያዟት። እነሱም እውነት አላቸው፣ እሷም እውነት አላት። እኔ ሰው ሲሟገት ዝም ብዬ የማልፍ ሴት አይደለሁም። በሽታውን የላከ አገር መድኃኒቱንም ያውጣ ብዬ ተነሳሁ።

ፔሩ የልጅ ልጄ የአራስነት አርባ ቀኗ እንዳለፈ ባሏ በመኪና ተራራ ሊያሳየን ወሰደን። የአላህን ሥራ አልክድም፤ ያምራል። ክንፉን ሳያራግብ ገደል ለገደል የሚንሳፈፍ፣ ከእኛ ጥንብ አንሳ የሚበልጥ አሞራ አየሁ። ግመል የሚመስል፣ ቁመቱ ግን ከሚዳቋ ብዙም የማይበልጥ የዱር እንስሳ መንጋ ቆሞ መኪናችንን ተመለከተ። የጥንት ሰዎች የካቡት እርከን ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ድንጋይ አልተነቀለበትም። የአገሬን የሀብሩን ዳገት አስታወሰኝና ከመኪና ወርጄ ካቡን በእጄ ዳሰስኩት። የልጅ ልጄ ፎቶ ታነሳኛለች፤ እኔ ደግሞ የምጠይቀውን ሰው እፈልጋለሁ።

ከሰዓት በኋላ የሸማኔዎች መንደር ደረስን። ጎብኚው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። በእኔ ዕድሜ ያለች ባርኔጣ የደፋች ሴት አንድ የበለስ ቅጠል አነሳች። ቅጠሉ ላይ ነጩ ዱቄት ነበር። ወዲያው አወቅሁት። ከዱቄቱ ቆንጥራ መዳፏ ላይ በአውራ ጣቷ ስትፈጨው እንደ ደም ቀላ። ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ይበልጥ ፈካ። ሰዉ አጨበጨበ።

የልጅ ልጄን ጎሸም አደረግኋት። «ይህን የሚገድለው ምንድን ነው በያት።»

«እማማ፣ ሰው ፊት እንዲህ አይባልም። ይህ እኮ ክሩን የሚያቀልሙበት፣ የሚኮሩበት ቅርሳቸው ነው።»

«የምጠይቀው እኔ ነኝ። አንቺ አፍሽን ብቻ አውሺኝ።»

ተጠየቀች። ሴትዮዋ ሳቀች። ለምን ይገደላል? ዶሮ እንቁላል እንደሚያስታቅፍ ሰው እኛው ነን ቅጠሉ ላይ የምናስቀምጠው፤ ብርድ ሲመታው፣ ጥንዚዛ ሲበላው እናዝናለን እንጂ፣ አለች።

ስልኬን አውጥቼ የጠወለገውን የእህቴን አጥር አሳየኋት። ሳቋ ጠፋ። ፎቶውን ልጇን ጠርታ አሳየቻት፤ በራሳቸው ቋንቋ ተነጋገሩ። እዚህ ግን እንዲህ ሆኖ አያውቅም አሉ። ከዚያ «እናንተ አገር ማን ወሰደው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ማን ልበል? ያመጡት የእኛው ሰዎች ናቸው ይባላል፤ ለጥቅም ብለው። የልጅ ልጄም በጎን «በለሱም ቢሆን እኮ ዘሩ ከእነዚህ ወገን የሄደ ነው» አለችኝ። ከሳሽ ሆኜ ሄጄ ተከሳሽ አጣሁ። ሴትዮዋ ካንጠለጠለችው መሐል አንድ ቀይ ኩታ አውርዳ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። እንቢ ብዬ ባወርደው መልሳ ጣለችው።

አገሬ ገብቼ ከወልድያ ሐራ ስደርስ እህቴ ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርስ «እህ፣ ምን አሉሽ?» አለችኝ። ኩታውን ሰጠኋት።

«እንዴት ያለ ቀለም ነው! መድኃኒቱስ?»

እጇን ይዤ ወደ አጥሩ ወሰድኳት። ግማሹ ግራጫ ሆኖ ተጋድሟል። ከነጩ ቆንጥሬ መዳፌ ላይ ፈጨሁት። መዳፌን አየች፣ ኩታውን አየች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ያረቡታል?»

«ያረቡታል።»

«ወይ ጉድ! እኛ ሀብት ታቅፈን ነዋ የምንራበው!» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ኩታውን ተከናነበች። «አጥሬን ከበላ እንግዲህ ብርዱን ይከልክለኝ» አለች።

በማግስቱ ጎረቤቶች መጥረቢያና ዶማ ይዘው መጡ። እኔ አጥሩ ፊት ቆምኩ። በማዕዘኑ ላይ ያለችው አንዷ በለስ ገና አረንጓዴ ነበረች፤ እሷን እንኳ ተዉላት አልኩ። ከመካከላቸው ሽማግሌው መጥረቢያውን መሬት አስደግፎ፣

«እናታችን፣ እርስዎ ፍርድ ያውቃሉ። እርስዎ ይፍረዱ፤ እንተዋት ካሉ እንተዋለን» አለኝ።

ከእሱ ኋላ የእሱ አጥር ይታየኛል፤ አረንጓዴ ነው፣ ፍሬ ይዟል። የልጅ ልጆቹ ከሥሩ ይጫወታሉ። ወደ እህቴ ዞርኩ። ፊቷን በኩታው ሸፍናለች።

«ቁረጡ» አልኩ።

ሳይመሽ ጨርሰው ቀበሩት። ፍየሎቹ አጥር በነበረበት በኩል አንድ በአንድ ወጡ። እህቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች፤ እንመልሳቸው ብላት አልተነሳችም።