በጋቢና ውስጥ የተሰፋ ልብስ

ሩይሊያን የእናቷን የመቀበሪያ ልብስ የሰፋችው መንገድ ላይ ነው። በቻይናዋ ሻንሺ የድንጋይ ከሰል እንደሚያመላልሱ ብዙ ሾፌሮች ሚስቶች፣ ኑሮዋ ከባሏ ከባኦሼንግ ጋር የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ነው፤ ታበስላለች፣ እንቅልፍ ሲጥለው ትቆነጥጠዋለች፣ ከሰሉ እስኪራገፍ ደግሞ መርፌዋን ታነሳለች። እኛ ዘንድ ይህ ልብስ ነፍስ ሳትወጣ መለበስ አለበት። ከወጣች በኋላ የለበሰ ሰው ልብሱን ይዞት አይሄድም፤ እዚያ ማዶ ራቁቱን ይደርሳል።

ታናሽ እህቷ ሹዌሜይ ደወለች። «እታለም፣ እማዬ እህል ውሃ እምቢ ብላለች። ልብሱ ካንቺ ጋ አይደል?»

ከሷ ጋ ነበር። ከጨረሰችው ሞትን የምትጠራ እየመሰላት፣ አንዲት ቁልፍ አስቀርታ ወሩን ሙሉ ይዛው ስትዞር ነበር።

ባኦሼንግ የሚሠራበት ድርጅት የናፍጣውን መኪና ወስዶ ይሄን ባለባትሪ ከሰጣቸው ዓመት ሆነው። ሜዳ ላይ ሸጋ ነው፤ አይጮህ፣ አይጨስ። ስክሪኑ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያስኬዳል አለ፤ የእናቷ መንደር ደግሞ መቶ አስር ቢሆን ነው፤ ከሰሉን ሳያራግፉ ወደዚያው ተነሱ። ባኦሼንግ ቻርጅ ማድረጊያው ጋ የተኮለኮለውን ሰልፍ አይቶ አለፈው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ብርዱና አቀበቱ ተጋግዘው ባትሪውን ይመጥጡት ጀመር።

«ማሞቂያውን ላጥፋው?»

«አጥፋው።»

«የታመመው ሳንባሽስ?»

«እናቴ እየሞተች ስለ ሳንባዬ ታወራለህ? አጥፋው አልኩህ።»

አጠፋው። ቢሆንም የአቀበቱ ጫፍ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መኪናው ከነከሰሉ ቀጥ አለ። በረዶ ስለጣለ በዚያ የሚያልፍ መኪና አልነበረም።

ሹዌሜይ ደግማ ደወለች። «እያጣጣረች ነው። ጎረቤት እትዬ ቲያን የራሴን የመቀበሪያ ልብስ ልስጣት ብላለች።»

«የሷማ ያጥራታል። እማዬ ረጅም ናት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ሩይሊያን በደነዘዘ ጣቷ የቀረችውን ቁልፍ እየሰፋች ነበር። መርፌው ወጋት፤ አልተሰማትም።

«አልብሻት» አለች።

ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ ጎታች መኪና ጫፉ ድረስ ሳባቸው። እናቷ ያኔ አርፋለች። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ያ ሁሉ ጭነት ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ባትሪውን ይሞላዋል። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ባኦሼንግ ማሞቂያውን ከፈተው፤ ሩይሊያን እጇን ዘርግታ ዘጋችው።

ቤት ስትደርስ ለቅሶ አላሰማችም። እግርጌ ተንበርክካ የእትዬ ቲያንን ሱሪ ወደ እናቷ ቁርጭምጭሚት ቁልቁል ትስበው ጀመር። ደጋግማ ሳበችው። አልደረሰም።