ልጆች የሚያለቅሱበት ሚኒባስ

ነገሩ የጀመረው ሚኒባሱ ወደ ወናጎ ሬሳ ካደረሰ በኋላ ነው ተባለ። ሹፌሩ እዚሁ ዲላ ጎረቤቴ ነው። አንድ ጠዋት ፊቱ አመድ መስሎ ሱቄ በር ላይ ቆመና «ጋሼ፣ መኪናዋን ልሸጣት ነው» አለኝ።

«ምን ሆነች ደግሞ?»

«ሕፃን ከገባባት ያለቅሳል። ጡት የሚጠባው ሳይቀር። እናቶች ‹ሬሳው አልወረደም› እያሉ መሳፈር ትተዋል። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ መጥቶ ጸለየላት፣ ምንም የለም። የገዛ ልጄ እንኳ አልገባም አለችኝ።»

«ሂድ ወዲያ! ረዳትህ ሬሳውን ሂሳብ አልጠየቀውም?» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። መኪናዋ እንጀራው ናት፤ ከሸጣት ሌላ የሚይዘው የለም።

እኔ የመኪና ድምፅ ማጉያ እሠራለሁ። የመኪና ባትሪ ዐሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ ወንበር የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ግን በዚያ አይወጣም። ስለዚህ ቮልቱን ከፍ የሚያደርገውን ኮንቨርተር ራሴ እነድፋለሁ፤ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን ነው። ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ፍጥነቱን ስትቀንስላቸው አይግሉም፤ አብዝተህ ከቀነስክ ግን ትራንስፎርመሩ ያፏጫል። እኔ በጆሮዬ ነው የምለካው። ፉጨቱ እስኪሰማኝ ፍጥነቱን የምታስተካክለውን ትንሿን ብሎን ወደ ታች አዞራለሁ፤ ከዚያ እስኪጠፋ መለስ አደርጋታለሁ። የቅርብ ጊዜ ሥራዎቼ ከድሮዎቹ ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው፤ እጄ ተባረከ እያልኩ እኮራ ነበር። የእሱንም ሳጥን የገጠምኩለት ሬሳውን በጫነ ሰሞን ነው።

ለማንኛውም አብሬው ሄድኩ። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። መኪናዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጁ እንሰቱ ሥር ሆና ታየናለች። ሞተሩን አስነሳ፤ ምንም አልሆነችም። ከዚያ ማጉያውን ከፈተው፤ መዝሙር ገና አላስገባበትም። መኪናዋ አጠገብ ተኝቶ የነበረው ውሻ ብድግ ብሎ፣ ጭራውን ሸጉጦ ሄደ። ልጅቷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩ። የሞተሩ ድምፅ፣ ከቅጠሉ የሚንጠባጠብ ውሃ፤ ሌላ አንዳች የለም። አባቷም የሰማው ነገር የለም፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ማጉያ ሥር የሚውል ሰው ነው።

«ዝጋው!» አልኩት። ዘጋው፤ ልጅቷ ዝም አለች። «ክፈተው!» አልኩት ደግሞ። ከፈተው፤ ልጅቷ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። እውነቱን ልናገር፣ ፀጉሬ ቆመ። በቀን በብርሃን ፈራሁ።

«ሚጣ፣ ምንድን ነው የሚሰማሽ?»

«ይጮኻል።»

«ማን ነው የሚጮኸው?»

ሬሳው ተጋድሞበት ወደነበረው ወደ ኋላ ታሳያለች ብዬ ጠበቅሁ። ጣቷን የቀሰረችው ግን ከሹፌሩ ወንበር ሥር ወዳለው ወደ እኔ ሳጥን ነው።

«በኢየሱስ ስም!» አለ አባቷ። እኔ ግን ገባኝ። መኪናዋ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ሳጥኑን ከፈትኩና በካቻቢቴ ብሎኗን ወደ ላይ አዞርኳት።

«አሁንስ?»

«አለ።»

ጨመርኩ። «አሁንስ?»

«አለ። ቀጠነ።»

ደግሜ ጨመርኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእኔ ያው ዝምታ ነበር። ስንት ዓመት ነው ፉጨቱ ጠፋ እያልኩ ሳጥን የዘጋሁት? የጠፋው ለካ ፉጨቱ ሳይሆን፣ በዕድሜ የደከመው የእኔ ጆሮ ነው።

«ሄደ» አለች በመጨረሻ። እጇን አወረደች፤ ገብታም የአባቷ ወንበር ላይ ጉብ አለች። አባቷ ፊቱን ወደ እንሰቱ አዞረ፤ እያለቀሰ ነበር። ሳጥኑ ይሞቃል፣ ማራገቢያ እገጥምለታለሁ ብዬው ወጣሁ።

ዋናው መንገድ ስደርስ ሌላ ሚኒባስ ከጭጋጉ ወጥቶ አለፈኝ። የእሱም ሳጥን የእኔ ሥራ ነው። ከኋላ ወንበር ሕፃን ያለቅሳል። ለቅሶው ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ ሌላ ምንም አልተሰማኝም። «አቁም! ኧረ አቁም!» እያልኩ ከኋላው ሮጥኩ።