ወደ ውስጥ ብቻ የሚሄድ ዱካ

ኮልፌ በክረምት ጭቃዋን ለማንም አትሰስትም። ጫማ ያለውም የሌለውም እኩል ይደርሰዋል። በጃንሆይ ዘመን መገባደጃ፣ እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ወጣት መምህርት ሳለሁ፣ ይህን ጭቃ ስረግመው ነው የኖርኩት። በኋላ ግን ባለውለታዬ ሆነ።

ትምህርት ተዘግቶ ክፍሎቹ ባዶ ሲሆኑ ዳይሬክተሩን ለምኜ በአንዱ ክፍል ትንሽ ሙዚየም አደራጀሁ። አገልግሉን፣ የቀንድ ዋንጫውን፣ ኮርቻውን ከየቤቱ ለቃቀምኩ። እውነቱን ለመናገር እነሱ ሁሉ አጃቢ ናቸው። እኔ እንዲታይ የፈለግሁት የአባቴን የሽመና ዕቃ ነበር። አባቴ ከጋሞ መጥቶ ኮልፌ የከተመ ሸማኔ ነው። ሰፈሩ የእጁን ሥራ ይለብሳል፤ እሱን ሰላም ለማለት ግን ይጠየፋል። ይህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያንገበግበኝ ነበር።

አባቴ ዕቃውን ድሩን እንደወጠረ ተከለልኝና፣ "ሰው ካየው ይቀመጥ። ካላየው ቅዳሜ ገመድ ይዤ እመጣለሁ፣ ጭኜ ወደ ቤቱ እመልሰዋለሁ" አለኝ። አባቴ ካለ አለ ነው።

ሐሙስ ከፈትን፤ ሰው ጎረፈ። እኔ ግቢው በር ላይ እንግዳ ስቀበል ዋልኩ። ሲመሽ ገብቼ ወለሉን ሳይ ደነገጥኩ። የጭቃው ዱካ ከበሩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ጋ ይደርሳል። ግራና ቀኙ ንጹሕ ሲሚንቶ ነው። በስተቀኝ የተተከለው የአባቴ ዕቃ አጠገብ አንድ ሰው አልረገጠም። ይባስ ብሎ የዱካው ሁሉ ጣት ወደ ውስጥ ነው፤ የገባ እንጂ የወጣ የለም! የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አይቶ አማተበ።

"ታዲያ ሰዎቹ የት ገቡ?" አለኝ።

ዓርብ ጥግ ይዤ ስመለከት ምስጢሩ ገባኝ። በበሩ ትይዩ፣ ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል። ኩታ የለበሱ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ገቡ፣ ለሥዕሉ እጅ ነሱ፤ ለጃንሆይ ጀርባ መስጠት ነውር ነውና የኋሊት እየተራመዱ ወጡ። ሌላውም እሳቸውን አይቶ እንዲሁ አደረገ። ደጅ ሲደርሱ፣ "ግሩም ነው፣ እግዜር ይስጥልን!" ይላሉ። ምኑ ግሩም እንደሆነ እነሱም አያውቁት።

ሥዕሉን ከዚያ እናንሳው ስላቸው ዳይሬክተሩ ክው አሉ። "ጃንሆይን ማውረድ? አንቺ ልጅ፣ እንጀራዬን ልታዘጊ ነው?"

"ኧረ ጌታዬ፣ ከበሩ በላይ ከፍ እናድርገው ነው የምልዎት።"

ከፍ ማድረግን ማን ይቃወማል? እንግዳው ሲገባ ሥዕሉ ከኋላው ይሆናል፣ ሁሉን አይቶ ሲወጣ እጅ ይነሳል ብዬ አሰላሁ። ሥዕሉ የነበረበት ግድግዳ ሥር የአባቴን ዕቃ አቆምኩ። በብልጠቴ ተኩራርቼ አደርኩ። ለካ ከድጡ ወደ ማጡ ኖሯል።

ቅዳሜ ሰው ገብቶ ዞር ዞር አለ። ሊወጣ ፊቱን ሲመልስ ግን ጃንሆይ ከበሩ በላይ ቁልቁል ያዩታል። የዓርቡ ሽማግሌ እጅ ነሱና እንደለመዱት የኋሊት ሄዱ፤ ወደ ክፍሉ ውስጥ! ደግመው ወደ በሩ ቀረቡ፣ ደግመው እጅ ነሱ፣ ደግመው አፈገፈጉ። ሕዝቡም አብሯቸው ይቀርባል፣ አብሯቸው ይሸሻል። የገባ ሁሉ መውጣት አቃተው። አባቴ ገመዱን በትከሻው ጥሎ የደረሰው በዚህ መሐል ነው።

ሽማግሌው እያፈገፈጉ ሄደው የሸማኔው መቀመጫ ላይ ዘፍ አሉ። አባቴ ዘሎ ያዛቸው።

"አይነሱ ጌታዬ፣ ድሩ ይበጠሳል! እግርዎን ወደዚህ ያድርጉ።"

ሽማግሌው ያኔ ገና የተቀመጡበትን አዩ። ድሩን ዳሰሱ፣ የኩታቸውንም ጫፍ አነሱ። "ይሄ የሚሠራው በዚህ ነው?"

"ይሄማ እኔው የሠራሁት ነው" አለ አባቴ። "ጥለቱን አውቀዋለሁ።"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሱና ለአባቴ እጅ ነሱ። ልማድ ሆኖባቸውም ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ የኋሊት፣ በበሩ ወጡ። ሕዝቡም ተራ በተራ አባቴን እጅ እየነሳ የኋሊት ወጣ። ለጃንሆይ ጀርባቸውን መስጠታቸውን ማንም ልብ አላለም። ዳይሬክተሩ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። እኔ እየሳቅሁ አለቀስኩ።

አባቴ ማታ ባዶ እጁን ቤት ገባ። እናቴ፣ "ዕቃውስ? ገመዱስ?" አለችው።

"ገመዱን ዙሪያውን አጠርኩበት" አላት። "ሰው ይበዛበታል።"